ጠዋት የማለ ሰው ከሰዓት ለምን ይቅማል?

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «ዛሬስ አልቅምም» ብሎ የማለ ሰው አልዋሸም። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ ቀንበጥ ሲመርጥ ብታገኙትም፣ ጠዋት ያወቀውን ረስቶ አይደለም። ገንዘቡ እንደሚያልቅ፣ ሥራው እንደሚጓተት፣ ሌሊቱን ጣራ ሲቆጥር እንደሚያድር በሁለቱም ሰዓት እኩል ያውቃል። ምክር የማይይዘውም ለዚህ ነው፤ የምትነግሩት እሱ የሚያውቀውን ነው። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል የተለወጠው የጫቱ ርቀት ነው። ጠዋት የስድስት ሰዓት መንገድ ይቀረው ነበር፤ አሁን እጁ ላይ ደርሷል።

ሱስን ከጊዜ ርቀት ጋር አያይዘው የሚያጠኑ ሰዎች ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ያህል ብዙ ነገር ላይ ደርሰዋል። ነገሩን ለማስረዳት ሐይቅና አምባሰል ጥሩ ቦታዎች ናቸው። የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መንገዱን ይዞ ለቀጠለ ደግሞ የአምባሰል ወረዳዋ ውጫሌ ትመጣለች። በዚህ አካባቢ ጫት ይተከላል፣ ይሸጣል፣ ይቃማል። በአገር ደረጃም ቢሆን ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተጠየቁት ወንዶች 27 በመቶ ያህሉ፣ ከሴቶቹ 12 በመቶ ያህሉ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹ ግን የኛው ናቸው።)

እንበልና ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። 11 ሰዓት ላይ ለደንበኛው የሚያስረክበው ልብስ አለው። 8 ሰዓት ላይ ጓደኞቹ ጫት ለመቃም በርጫ ይቀመጣሉ። ከተቀመጠ ልብሱ አያልቅም። ራሱን ብትጠይቁት ሥራውን መጨረስ ይሻለዋል፤ ገንዘብ አለው፣ የደንበኛ አመኔታ አለው፣ ማታ ቤት ሲገባም ፊት አይጠቁርበትም። ለዚህ 100 ነጥብ እንስጥ። ለበርጫው ደግሞ 60። በራሱ ሚዛን ሥራው ይበልጣል ማለት ነው።

ሆኖም አእምሮ የሩቅን ነገር በሙሉ ዋጋው አይቆጥረውም፤ በራቀ ቁጥር ይቀንሰዋል። ለምሳሌ ያህል ቅናሹ እንዲህ ይሁን፦ እስኪደርስ የቀረውን ሰዓት እንወስዳለን፣ አንድ እንጨምርበታለን፣ ነጥቡን ለዚያ እናካፍላለን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በርጫው ስድስት ሰዓት ይቀረዋል፤ 60 ለ7 ሲካፈል 8.6 ገደማ ነው። የሥራው ዋጋ የሚገኘው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ 100 ለ10 ተካፍሎ 10 ይሆናል። ሥራው አሸነፈ። ሰውየው «ዛሬ አልቅምም» ይላል፤ ከልቡ ነው።

4 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም 13.3 ይሆናሉ። አሁን ሰውየው ያመነታል፤ ክር ሊገዛ ብሎ ይወጣል፣ ስልኩን ያያል። 7 ሰዓት ላይ በርጫው 30፣ ሥራው 20 ነው። 8 ሰዓት ላይ በርጫው ሙሉ 60፣ ሥራው 25 ብቻ። 11 ሰዓት ላይ ደንበኛው በሩን ሲያንኳኳ በርጫው አልፏል፤ የሥራው ዋጋ ግን ሙሉ 100 ሆኖ ፊቱ ቆሟል። ጸጸት የሚባለው ያኔ ይመጣል፤ እሱም ከልብ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ሐቀኛ የሆነ ሰው እንግዲህ ሁለት ጊዜ ሐሳቡን ለወጠ ይባላል።

ቁጥሮቹን እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው፤ የቅናሹን ቅርጽ ግን አልፈጠርኩትም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ጆርጅ አይንስሊ በ1975 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ሰውም እንስሳም የወደፊቱን የሚቀንሱት በዚህ ዓይነት ጎባጣ መስመር መሆኑን አሳይቷል። ዋናው ነገር ዋጋው በየሰዓቱ በእኩል መቶኛ አለመቀነሱ ነው። እንዲያ ቢቀንስ ኖሮ ልብስ ሰፊው ጠዋት የመረጠውን 8 ሰዓትም ይመርጠው ነበር፤ ሁለቱ ነገሮች አብረው እያደጉ ስለሚመጡ አንዱ ሌላውን አይቀድመውም። ኢኮኖሚስቶች ምክንያታዊ የሚሉት ሰው እንዲህ ያለውን ነው። እኛ ግን ቅርብ የሆነው ነገር ሲደርስ ድንገት ይገዝፍብናል።

ይህ የሱሰኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዛሬ 100 ብር ወይስ ከወር በኋላ 120 ቢባል ብዙ ሰው የዛሬውን 100 ይወስዳል። ከዓመት በኋላ 100 ወይስ ከዓመት ከአንድ ወር በኋላ 120 ቢባል ግን ያው ሰው «ከጠበቅሁ ላይቀር» ብሎ 120ውን ይመርጣል። ልዩነቱ በሁለቱም ጥያቄ አንድ ወርና 20 ብር ነው። ሱስ ያለበት ሰው ከሌላው የሚለየው ቅናሹ ስለታም በመሆኑ ነው። በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሄሮይን የሚወስዱ ሰዎች ከማይወስዱት ይልቅ የሩቁን ገንዘብ በጣም እንደሚያራክሱት አሳየ፤ ሄሮይን ሲቀርብላቸው ደግሞ ከገንዘቡም የባሰ ቀንሰውታል። በቀጣዩ ዓመት ናንሲ ፔትሪና ዋረን ቢክል ከባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት ግን እኔን የበለጠ ያስደነቀኝ ነው። ለተሳታፊዎቹ አንድ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ስለወደፊቱ ማሰብ ሲጀምር የሚያሳይ የታሪክ መነሻ ሰጥተው «ጨርሱት» አሏቸው። ሱስ የሌለባቸው ሰዎች የጻፉት ወደፊት በአማካይ 4.7 ዓመት ይዘልቃል። የሄሮይን ተጠቃሚዎቹ ወደፊት 9 ቀን ነበር።

ዘጠኝ ቀን! «የልጆችህን ነገ አስብ» የሚል ምክር ለምን ከጆሮ እንደማያልፍ ለማየት ይህ ቁጥር ብቻ ይበቃል። የልጆች ነገ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይርቃል።

ሌላው ጉዳይ ሰዓቱ ራሱ እንዴት እንደሚሄድ ነው። ሀራራ የያዘውን ሰው ያየ ያውቃል፦ ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፣ ቁርጥማት ቁርጥማት ይለዋል፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላል። ለእሱ ሰዓቱ በእርግጥም አይሄድም። ተመራማሪዎች ለአንድ ቀን ሙሉ ሲጋራ የከለከሏቸውን አጫሾች 45 ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ እንዲገምቱ ሲጠይቋቸው ከእውነተኛው አስበልጠው ገምተዋል። ማርክ ዊትማን የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ጥናት ደግሞ የኮኬይንና የሜታምፌታሚን ሱስ የነበረባቸው ሰዎች 53 ሰከንድ ሲሰጣቸው ከሌላው ሰው ይልቅ አርዝመው ቆጠሩት። ውስጣቸው ያለው ቆጣሪ ይቸኩላል። ቆጣሪው የሚቸኩልበት ሰው ሲጠብቅ ከሁላችንም በላይ ይጠብቃል፤ ሦስት ሰዓት ለእሱ ሦስት ሰዓት ብቻ አይደለም። እንግዲህ የሩቁን ቢያራክስ አይግረመን፤ ከኛ ይልቅ ለእሱ ይርቃል።

በምርቃና ሰዓት ነገሩ ይገለበጣል። 8 ሰዓት የተቀመጠ ሰው ቀና ሲል መሽቷል። ጨዋታው ስለያዘው ጊዜውን የሚቆጥር የለም። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ቃሚ ራሱ እየሳቀ የሚናገረው ነው። በምርቃና ሰዓት ያልተሠራ ፎቅ የለም። ሱቁ ይከፈታል፣ ሚኒባሱ ይገዛል፣ ሐይቅ ዳር ሎጅ ይቆማል፣ የተጣላው ወንድም ነገውኑ ይታረቃል። ጠዋት 9 ቀን የማይሞላ የነበረው ወደፊት አሁን አሥር ዓመት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ድካሙና ወጪው ተቀንሶ ግን ነው። ቅጠሉ ሲበርድ ዕቅዱም ይበርዳል። ይህን ደጋግሞ ያየ ሰው የራሱን ዕቅድ ማመን ያቆማል። በዕቅዱ የማያምን ሰው ደግሞ ነገን ይበልጥ ያራክሳል። ከጫት ጉዳቶች መካከል ትንሽ የሚወራለት ይህ ይመስለኛል።

ቅጠሉ ራሱም ችኩል ነው። ጫትን ጫት ያደረገው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የተለየው በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ነበር። አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ በአእምሮ ውስጥ ዶፓሚንን ያበዛል። ይሁንና ካቲኖን አይቆይም። ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ እየደረቀ ሲሄድ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ጫት በኮባ ተጠቅልሎ ውኃ እየተረጨበት፣ መኪናውም እየበረረ የሚመጣው ለዚህ ነው። ማታ ላይ ዋጋው የሚወድቀውም ለዚሁ ነው። ለገዢው ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የዛሬ ጫት የዛሬ ነው። «ገዝቼ ላስቀምጠውና ቅዳሜ» የሚባል ነገር የለም። እህል ጎተራ ይገባል፣ አረቄም ጠርሙስ ውስጥ ይቆያል፤ ጫት ግን ገና ሲገዛ «አሁን ወይም በጭራሽ» ይላል።

ከዚያ ሰንሰለቱ ይጀምራል። ቅሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሞላ በደም ውስጥ ያለው ካቲኖን ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፣ ሰውም በየራሱ ሐሳብ ይሰጥማል። እንቅልፍ እንቢ ይላል። እንቅልፍ ለማምጣት ጨብሲ ይወጣል፤ ቢራው ወይም አረቄው ምርቃናውን ይሰብረዋል። ጨብሲ ሲጋራ ያስከትላል። ማታ ያልተኛ ሰው ጠዋት ደንዝዞ ይነሳል፤ ድንዛዜውን የሚያባርረው ደግሞ ጫት ነው። እያንዳንዷን እርምጃ ለብቻዋ ብትመለከቷት ያለፈውን ሰዓት ችግር የምትፈታ ብልህ ውሳኔ ትመስላለች። ክፋቱ የሚታየው ሳምንቱን አንድ ላይ ሲያዩት ነው፤ ሳምንቱን አንድ ላይ ማየት ደግሞ ሱስ መጀመሪያ የሚነጥቀው ችሎታ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። የሚቅም ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ጫትን መርምሮ ለአላግባብ መጠቀም ያለው አቅም ዝቅተኛ ስለሆነ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር መዋል አያስፈልገውም ብሏል። በወሎ ጫት ከወዳጃና ከዱአ ጋር የቆየ ቁርኝት አለው። ቡናው ይፈላል፣ ጭሱ ይጨሳል፣ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ሰውም «አሚን» ብሎ ይነሳል። ጫትን የሚቃወሙ የሃይማኖት አባቶች እንዳሉ ሆኖ፣ ያ ልማድ መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው፤ የሚዘጋውም ሌላ ሰው ነበር። የመቃሚያ ቤት በርጫ የሚዘጋው በእያንዳንዱ ቃሚ ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚታመን መሣሪያ አይደለም።

«ታዲያ ዛሬን የሚመርጥ ሁሉ ችኩል ነው?» ቢባል መልሱ አይደለም ነው። ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ የሠራው የማርሽማሎ ከረሜላ ሙከራ ዝነኛ ነው፤ አንዱን አሁን ከመብላት ጠብቆ ሁለት መውሰድ። በ2013 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሰለስት ኪድና ባልደረቦቿ አንድ ነገር ጨመሩበት። ለግማሾቹ ልጆች አስቀድመው ቃል የገቡላቸውን የሥዕል ቀለም አላመጡላቸውም፤ ለሌሎቹ አመጡላቸው። ከዚያ ከረሜላው ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ፤ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ። ልጆቹ ራሳቸውን የመግዛት ችሎታ አላነሳቸውም፤ «ይመጣል» የተባለ ነገር እንደማይመጣ ተምረው ነው።

በ2021 መገባደጃ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴን፣ ሐይቅን፣ አምባሰልን ሲያጥለቀልቅ የሆነውን እዚህ የኖረ ሁሉ ያስታውሳል። ሱቅ ተዘረፈ፣ ከብት ታረደ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ በአንድ ሳምንት ሄደ። ከዚያ በኋላ አንድ ወጣት «ነገ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል» ቢል ሱሱ ብቻ ነው የሚያናግረው ማለት ይከብደኛል። ያየውን ነው የሚናገረው። ሥራ አጥ ለሆነ ሰው ከሰዓት በኋላው ባዶ ነው፤ በልብስ ሰፊው ምሳሌ ላይ 100 ነጥብ የሰጠነው ነገር ለእሱ የለም። ከባዶ ጋር ሲወዳደር 60 ምንጊዜም ያሸንፋል። ገበሬውም ጤፉን ነቅሎ ጫት ሲተክል ችኩል ሆኖ አይደለም፤ ውኃ ያለው ማሳ ላይ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቆርጦ በዕለቱ ጥሬ ገንዘብ ይሆናል። ሱስን በሕክምና ክፍል ብቻ የሚፈታ ጉዳይ የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ክፍል ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደሚገርመው ነገር እንምጣ። ረመዳን ሲገባ በሌላው ወር 8 ሰዓት ላይ ሀራራ የሚያብረከርከው ሰው ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይቀምስ ይውላል። ጫት የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ውኃም የለም። ማታ ካፈጠረ በኋላ የሚቅም ብዙ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግን ያ ሁሉ ማዛጋትና መነጫነጭ የት ገባ? ሰውነቱ ያው ነው፣ ቅጠል ያላገኘበት ሰዓትም ያው ነው።

ለዚህ ጥሩ መልስ ያገኘሁት በአውሮፕላን አስተናጋጆች ላይ ከተሠራ ጥናት ነው። እስራኤላዊው ተመራማሪ ሬውቨን ዳርና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ሥራ አጫሽ የሆኑ የበረራ አስተናጋጆችን ሁለት ጊዜ ተከታተሉ፤ አንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል በሚፈጅ አጭር በረራ፣ አንድ ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ሰዓት በሚፈጅ ረጅም በረራ። አውሮፕላን ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ሀራራ የሚመጣው ኒኮቲን ከደም ስለጎደለ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአራተኛው ሰዓት ላይ በሁለቱም በረራ እኩል በተቸገሩ ነበር። አልሆነም። አጭሩ በረራ ሊያርፍ ሲል ሀራራው ጣራ ነካ፤ ረጅሙ በረራ ላይ ሳሉ ግን በዚያው ሰዓት ገና ዝም ብለዋል። እዚያ ሀራራው የተነሳው መሬት ሲቀርብ ነው። ይኸው ቡድን ቀደም ብሎ በ2005 በሰንበት የማያጨሱ አጥባቂ አይሁዶችን አጥንቶ፣ በሰንበት የሚሰማቸው ሀራራ በሥራ ቀን እንዳያጨሱ ሲደረጉ ከሚሰማቸው ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል።

ሀራራ እንግዲህ የሚለካው ከመጨረሻው ቅጠል ወዲህ ባለፈው ሰዓት ብቻ ሳይሆን እስከሚቀጥለው ቅጠል በቀረው ሰዓትም ነው። በሩ መዘጋቱ እርግጠኛ ሲሆን ሀራራ ይተኛል፤ ሊከፈት ሲል ይነሳል። ከመዘጋቱ የባሰው «ሊከፈት ይችላል» የሚለው ነው። «ትንሽ ብቻ ልቅመስ»፣ «ጓደኞቼ ጋ ልቀመጥ እንጂ አልቅምም»፣ «ገረባውን ብቻ» የሚል ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ የተቀመጠ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲከራከር ይውላል። የፆመው ሰው ክርክር የለበትም፤ ጉዳዩ ሌሊት ኒያ ሲያደርግ፣ ለመፆም ሲወስን፣ አልቋል። ችግሩ ረመዳን ሲያልቅ ነው። በዒድ ማግሥት በሩ እንደገና ይከፈታል፤ የወሩን ልማድ ወደ ቀጣዩ ወር ወደ ሸዋል የሚያሻግር ነገር ያላዘጋጀ ሰው ወደ ድሮው ይመለሳል።

ስለት የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ይመስላል። ግሸን ደብረ ከርቤ አምባሰል ውስጥ ናት፤ መስከረም 21 ከየአቅጣጫው ከሚወጣው ሕዝብ መካከል «መጠጥ ካቆምኩ» ብሎ የተሳለ አይጠፋም። ተሳላሚው ውሳኔውን የሚያደርገው ከመጠጥ ቤቱ ርቆ፣ ሰውና ታቦት በተገኙበት፣ የሩቁ ነገር ገዝፎ በሚታይበት ቦታ ነው። በልብስ ሰፊው ቋንቋ ሲነገር፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወስኖ 8 ሰዓት እንዳይለውጠው ራሱን አሰረ ማለት ነው። ጠበል ቦታ ሄዶ ሳምንታት የሚቆይ ሰውም ከእምነቱ በተጨማሪ አንድ ነገር ያገኛል፦ 8 ሰዓት ሲሆን የሚጠራው ጓደኛ የለም፣ የሚያልፍበት የጫት ተራ የለም። ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱስ ከነበረባቸው መካከል አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ዳግም ሱስ ውስጥ የገቡት 5 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበሩ ሊ ሮቢንስ በ1970ዎቹ አሳይታለች። ቦታና ሰዓትም የሱሱ አካል ናቸው።

በገንዘብ የሚሠራ ማሰሪያም ተሞክሯል። በፊሊፒንስ አንድ ባንክ ለአጫሾች ልዩ የቁጠባ ሒሳብ ከፈተ፦ ስድስት ወር ትቆጥባለህ፣ በስድስተኛው ወር ሽንትህ ይመረመራል፣ ኒኮቲን ከተገኘብህ ገንዘቡ በሙሉ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። በ2010 በወጣው ውጤት መሠረት ሒሳቡ የቀረበላቸው ሰዎች ካልቀረበላቸው ይልቅ ማጨስ የማቆም ዕድላቸው በ3 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሏል፤ ዓመት ሲሞላ በድንገት ሲመረመሩም ልዩነቱ አልጠፋም። 3 የመቶኛ ነጥብ ተአምር አይደለም። ለአንድ ሒሳብ ደብተር ግን ትንሽም አይደለም። እቁብና እድር ባለበት አገር ይህን ለመሥራት ባንክ እንኳ አያስፈልግም፤ የሚያምኑት ሰብሳቢና ከባድ ቅጣት ይበቃል። እዚህ ላይ ይሉኝታ ያለው ጉልበትም መናቅ የለበትም።

ሽልማትም ከቅጣት ባላነሰ ይሠራል፤ ቅርብ ከሆነ። ስቲቨን ሂጊንስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቨርሞንት ኮኬይን ለሚወስዱ ሰዎች ሽንታቸው ንጹሕ ሆኖ በተገኘ ቁጥር እዚያው የዕቃ መግዣ ኩፖን ይሰጣቸው ነበር። በተከታታይ ንጹሕ ሲሆኑ የኩፖኑ ዋጋ ያድጋል፤ አንዴ ከተሳሳቱ ወደ መጀመሪያው ይወርዳል። «ከአምስት ዓመት በኋላ ጤናህ ይመለሳል» የማይሰማው ሰው የዛሬዋን ትንሽ ኩፖን ሰማ። ቤተሰብም ይህን መኮረጅ ይችላል። ላልቃመበት ቀን ማታ የሚወደው ወጥ፣ የተረፈው የጫት ብር በልጁ ስም ሣጥን ውስጥ ሲገባ ማየት፣ ወይም «ዛሬ ፊትህ ብሩህ ነው» መባል። የወሩ መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ትልቅ ስጦታ ይህን አይተካም።

የሩቁን ማቅረብም ይቻላል። አንድ ሰው ሊሆንለት የሚችልን የተወሰነ ቀን ከነዝርዝሩ በዓይነ ኅሊናው ሲያይ የሩቁን ነገር ማራከሱ እንደሚቀንስ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የወጡ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በአልኮል ተጠቃሚዎች ላይም ተሞክሯል። ቁልፉ ዝርዝሩ ነው። «ጥሩ አባት እሆናለሁ» አይሠራም። «የፊታችን ቅዳሜ ከትንሿ ልጄ ጋር ሐይቁ ዳር ሄደን ዓሣ ጥብስ እንበላለን፤ ቀይ ሹራቧን ትለብሳለች» ይሠራል።

እናትም ሚስትም ወንድምም ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ማታ ነው፤ ሰውየው መርቅኖ ወይም ጨብሶ ሲገባ። ያኔ የተነገረው ጠብ ብቻ ይሆናል። «ልጄ፣ ዛሬ ከሰዓት የት ነው የምትውለው?» የሚለው ጥያቄ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ቁርስ እየተበላ ቢመጣ ሌላ ሰው ነው የሚመልሰው። ብሩን ለእናቱ አስይዞ የሚወጣው፣ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ቀጠሮ የሚይዘው፣ በጫት ተራ በኩል ላለማለፍ መንገድ የሚቀይረው፣ ስልኩን ቤት የሚተወው የጠዋቱ ሰው ነው። ከ4 ሰዓት ተኩል በፊት ያልተደረገ ነገር ከዚያ በኋላ ዋጋው እጥፍ ድርብ ነው።

ያቆመ ሰው ለዘላለም ዘጠኝ ቀን ብቻ እያየ አይኖርም። ቢክልና ባልደረቦቹ በ1999 አጫሾችን፣ አጭሰው የማያውቁትንና ያቆሙትን ሲያወዳድሩ፣ ያቆሙት የሩቁን ገንዘብ የሚመዝኑት አጭሰው እንደማያውቁት ሆኖ ተገኝቷል። ማቆማቸው ነው ዓይናቸውን ያረዘመው ወይስ ዓይናቸው ረጅም ስለነበረ ነው ያቆሙት? ያ ጥናት ይህን አይለይም፤ ምናልባትም ሁለቱም ነው።

አንድ ነገር ግን በማሰሪያና በስለት አይሞከርም። በየቀኑ ብዙ አልኮል የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ነው። ጫት ሲያቆሙ የሚመጣው ድብርት፣ እንቅልፍ ማብዛትና ዱካክ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ያሳድደኛል የሚል ወይም ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያወራ ካለ ግን ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወስዶ ወደ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሪፈር ማጻፍ ያስፈልጋል፤ እዚያም ቢሆን ለሐኪሙ የሚቅመውን መጠንና የሚቅምበትን ሰዓት ሳይደብቁ መንገር።